ሦስቴ ያልተለመነው የማኦሪ ንጉሥ

ለልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ «ቢሆን ኖሮ» የሚባል የታሪክ ፕሮጀክት ተሰጣትና የኒውዚላንድን ነባር ሕዝቦች፣ ማኦሪዎችን መረጠች። እሷ እንደነገረችኝ፣ እንግሊዞች መሬታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ግማሾቹ ነገዶች ተባብረው ተዋጉ፣ ሌሎቹ ከእንግሊዝ ጎን ተሰለፉ። ሁሉም በአንድ ንጉሥ ሥር ቆመው ቢሆንስ? ይህን በጨዋታ ልታሳይ ካርቶን ላይ ካርታ ሣለች። ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ አፕል ቫሊ ያለው እነሱ ቤት ስሄድ የነገድ አለቃ አድርጋ ሾመችኝ። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ሌላዋ አለቃ ሆነች። አማቼ በጨዋታው እንግሊዝ ነው፤ የጠርሙስ ክዳን መርከቦቹን ደርድሮ ቺፕሱን ይበላል።

ልቤ እዚያ አልነበረም። ከወር በፊት ልጄ ወደ ቤቴ ድራይቭ እያደረገች ስትወስደኝ «አባዬ፣ ብቻህን ምን ታደርጋለህ? እኛ ጋ ግባ» ብላኝ፣ «ኧረ እኔ አላስቸግራችሁም» ብያት ነበር። «እሺ» አለች። በቃ! ከተማ ውስጥ ሴዳር ሪቨርሳይድ ባለው አፓርታማዬ ተቀምጬ ዳግመኛ እስክትጠይቀኝ ወር ሙሉ ስልክ ስጠብቅ ከረምኩ። ሰው እንዴት አንዴ ብቻ ይለምናል?

የልጅ ልጄ መልእክተኛ ሆና መጣች። በእንግሊዝኛዋ «አያቴ፣ የሁሉም ንጉሥ ትሆናለህ?» አለችኝ።

እኔ የእድር ሊቀመንበር የነበርኩ ሰው ነኝ፣ ሥርዓቱን አውቃለሁ። መጀመሪያ ራስ ይነቀነቃል። ከዚያ «ደክሜያለሁ፣ ከእኔ የተሻለ አለ» ይባላል። ቤቱ «ኧረ በሞቴ!» ብሎ ሲጮኽ፣ ሸክም እንደጫኑበት ሰው ፊትን አጨፍግጎ መቀበል ነው። ስብሰባችን ግማሽ ቀን የሚፈጀው በዚሁ ነበር።

«ኧረ እኔ አርጅቻለሁ፣ ለሌላ ስጪው» አልኳት።

«ኦኬ» ብላ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ምንም ሳታፍር «እሺ፣ እሆናለሁ!» አትልም?

«ቆይ፣ ቆይ!» ብዬ ተነሣሁ። «የምን እሺ ነው? ዘውዱ የኔ ነው!»

«እምቢ አልክ እኮ» አለች ልጅቷ።

«እንድትለምኚኝ ነዋ!»

ወረቀቷን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «በእውነተኛው ታሪክም ብዙ አለቆች እምቢ ብለዋል። የነገሡት ሽማግሌም መጀመሪያ አልፈለጉም፣ እየተመላለሱ ነው የለመኗቸው። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ለማሳየት ያለኝ አሥር ደቂቃ ነው።»

አማቼ እየሳቀ መርከቦቹን ወደ ባሕሩ ዳር አስጠጋ። እኔ በንዴት ጆሮዬ ግሏል። አገር ሊወሰድ ነው፣ እኔ ልመና እጠብቃለሁ!

ልጄ ግን ካርታውን ትታ እኔን ታየኛለች። «አባዬ፣ ያን ጊዜም እንድለምንህ ፈልገህ ነበር?»

አፌ እንደ ልማዱ «ኧረ...» ብሎ ጀመረ። ዋጥ አደረግኩት። «አዎ» አልኳት።

«ታዲያ ና ግባ።»

«እሺ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔኮ የማትፈልገን መስሎኝ ነበር» አለች። «ያን ቀን አንተን አድርሼ ስመለስ መኪናዬን ዳር አቁሜ አለቀስኩ።»