የጓያው እንፋሎት

በዚያ ቤት የጓያ እንፋሎት የምትታጠን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም እኔ ነኝ። አማቴ ድስቱን ትጥድና ገና መፍላት ሲጀምር ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ወደ ደጅ ትወጣለች። ልጇን፣ ማለትም ባሌን፣ ድስቱ ወርዶ እስኪበርድ ድረስ የማድ ቤቱን ደፍ አታስረግጠውም። እኔን ግን ማማሰያውን አስይዛ «ጓለይ፣ እንዳያርርብሽ» ትለኛለች። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅነት ለጠላቴም አይስጠው።

ያኔ መቐለ ውስጥ ጓያ እግር እንደሚሰብር የማያውቅ አልነበረም። የሚሰብረው ግን ሲበሉት ሳይሆን ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት ነው ይባል ነበር። እንፋሎቱ ጉልበት ውስጥ ገብቶ ጅማት ያደርቃል፤ ወጡ ከበረደ በኋላ ግን ምንም አያደርግም። ስለዚህ አንድ ሰው ይታጠናል፣ ሌላው ይበላል።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ዝናቡ አጥሮ ሽንብራውም አተሩም ማሳ ላይ ደርቆ ስለቀረ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኘው ጓያ ብቻ ነበር። ሥጋና ቅቤማ ቀድሞም ስላልነበረን ጾሙ ከእኛ የነጠቀው ነገር የለም። ከቅዳሴ መልስ የጓያ ሽሮ፣ ማታ የጓያ ንፍሮ፣ ሲተርፍ የጓያ ቂጣ እንበላለን። አማቴ በዚህ ዘዴዋ ትኮራ ነበር። ጎረቤቱ ሲገረጣ የእሷ ልጅ ሆዱ ሞልቶ ያድራላ!

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አባቴ ለሥራ ብሎ መቐለ ይዞኝ መጣ፤ ዳረኝና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። አማቴ የፈለገችውን ብታደርገኝ የሚጠይቃት አልነበረም፤ ይህንንም አሳምራ ታውቃለች። ባሌ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ከግመል ኋላ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ፣ አሞሌ አስጭኖ ሽቅብ የሚመለስ ሰው ነበር። እንጀራችን እግሩ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሊወርድ ቀጠሮ ይዟል፤ ቤቱ በሙሉ የሚያወራው ስለዚያ ጉዞ ነበር።

ጎረቤታችን ሽንኩርት የምትሸጥ እስላም ሴት ናት፤ እሷም እንደኔው ከወሎ የመጣች። አንድ ቀን ዓይኔ ቀልቶ ስወጣ አየችኝና አማቴን «ምነው ይህችን ልጅ እንፋሎት ላይ ጣድሻት?» አለቻት።

«እንታይ ላድርግ?» አለች አማቴ። «ሚስት ሌላ ይገኛል። የልጄ እግር ቢሰበር ግን ከየት አመጣለሁ?»

ባሌ በሩ ላይ ተቀምጦ የጭነት ገመድ ይገምድ ነበር። ሰምቷል። አንገቱን ደፍቶ መግመዱን ቀጠለ። እናቱን ከጠላኋት ቆይቻለሁ፤ እሱን የጠላሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ያች ሴት ደጇ ላይ ጠራችኝ። «ስሚኝ የኔ ልጅ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንፋሎቱ ውሸት ነው። ወንድሜ ማድ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ወላሂ፣ ድስት ሲፈላ እንኳ አላየም። በላ፣ በላ፣ ሁለት ወር ሙሉ እሱን ብቻ በላ፤ ከዚያ ተሰበረ። እኔ አሳድሬ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ቀቅዬ ውኃውን እደፋለሁ፣ ገብስ አበዛበታለሁ። እኔን አይሰሙኝም፤ አንቺ ንገሪያቸው።»

ልነግር ነበር፤ እውነቴን ነው። ቤት ስገባ አማቴ ከእኔ ወጭት ወጡን እየጨለፈች ወደ ልጇ ስትገለብጥ ደረስኩ። «መንገደኛ ነው፣ ጉልበት ይፈልጋል» አለችኝ፤ አላፈረችም። የቀቀልኩበትን ውኃም ወዙ እዚህ ነው ብላ በጣሳ አጠጣችው። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ጣፈጠኝ።

ከዚያ በኋላ ድርሻዬን እኔው ራሴ ወደ እሱ መግፋት ጀመርኩ። እሱ «አንቺስ?» ሲለኝ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። አማቴ ደስ አላት፤ «ሓቂ፣ አሁን ሚስት ሆንሽ» ብላ መረቀችኝ። እኔ ደግሞ ከጎረቤቴ ቤት የገብስ ቆሎ እየቃምኩ፣ ጎመኗን በማሽላ እንጀራ እየበላሁ ጾሜን እጾማለሁ። የእሷም ቤት ድሃ ነበር፤ የእሷም ቤት ጓያ ይበላል። ልዩነታችን የተደፋ ውኃና አንድ እፍኝ ገብስ ብቻ ነበር።

አንድ ከሰዓት አማቴ ቅዳሴ ሄዳለች። እኔ ድስቱ ላይ አጎንብሼ ሳል ይዞኛል፤ አላቆም ብሎኛል። ባሌ ከደጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ገባ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ድስቱ እየፈላ ያን ደፍ ረግጦ አያውቅም። ማማሰያውን ከእጄ ወስዶ «ውጪ፣ ነፋስ ይንካሽ» አለኝ።

«እግርህስ?» አልኩት።

«ያንቺስ እግር አይደለም?» አለ።

ግንባሩን አላበው። በጣም ፈርቷል። የሚሰበር መስሎት ነው የገባው፣ እያወቀ ነው የገባው። ጥላቻዬ እዚያው በኖ ጠፋ። እንፋሎቱ ምንም አያደርግህም፣ አትብላው እንጂ ልለው አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሀል አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ደረሰች። ማማሰያውን እጁ ላይ ስታይ «ዋይ ኣነ! ወደይ! ልጄን ገደለችብኝ!» ብላ ጮኸች። ነጥቃው ትከሻዬን በእሱ ደጋገመችኝ። ባሌ ወጣ። እኔም አፌን ዘጋሁ።

ሳምንት ሳይሞላው «ባቴን ይይዘኛል» ማለት ጀመረ። አማቴ በኑግ ዘይት አሸችው፤ እኔን እያየች አሸችው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ምናልባት ባለበት ይቆምለት ነበር። ነገር ግን መቼ አወቅሽ ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ድርሻዬን ስገፋለት የቆየሁት ለምን ነበር ልበል? ነገ እናገራለሁ እያልኩ ወጡን አቀርብ ነበር። ፈሪ ነበርኩ፤ ፍርሃቴ ከጥላቻዬ ይልቅ ከፋ።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ዋልን። ከሴቶቹ በኩል ሆኜ አየዋለሁ፤ ይወድቃል፣ ይነሳል። ቀትር ካለፈ በኋላ ወደቀና ሳይነሳ ቀረ። አጠገቡ ያሉት የሚያለቅስ መስሏቸው ተዉት። ኋላ ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው ሲያቆሙት ጉልበቶቹ ተጋጩ፤ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ እግሮቹን ቁልቁል ያያል። ከፋሲካ በኋላ ግመሎቹ ያለ እሱ ወረዱ።

አማቴ ያን ድስት ደጅ አውጥታ ከድንጋይ ጋር አጋጨችው። ጓያውን ግን አልጣለችም። በሌላ ድስት እኔን አስቀቅላ፣ በደንብ አብርዳ፣ «አይዞህ፣ ጉልበትህ ይመለሳል» እያለች አበላችው። ውኃውን በድብቅ መድፋት የጀመርኩት ያኔ ነው። ዘግይቼ። እሷ እስክትሞት ድረስ ያችን ከሰዓት ስትረግም ኖረች፤ እኔንም ጭምር። በዚህስ አልፈርድባትም።

ባሌ በምርኩዝ እየተሳበ ገበያ ይወጣል፤ ተቀምጦ ሌላው ያመጣውን አሞሌ ይሸጣል። ሰፈሩ በሙሉ ለሚስቱ ሲል እግሩን የሰጠ ይለዋል። ሴቶች ከባሎቻቸው ጋር ሲጣሉ የእኔን ባል ይጠሩባቸዋል፤ እኔንም እንዴት ያለሽ እድለኛ ነሽ ይሉኛል። ጎረቤቴ ብቻ ምንም አትለኝም። ያን ዓመት ቤቷ ስሄድ ቆሎ ማቅረብ አቆመች፤ እኔም መሄድ አቆምኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን በራችን ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ እግሮቹን በእጁ አንስቶ አስተካከላቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«ያን ቀን ባልገባ ኖሮ የምትሰበሪው አንቺ ነበርሽ፤ አይደል?» አለኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም። ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ፤ በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር እሱ ብቻ ነው።

«አዎ» አልኩት። «እኔ ነበርኩ።»

ምርኩዙን አቀበልኩትና ራት ልንበላ ገባን።