መርፌ እምቢ ያለው ግንድ

በዕፅዋት ቤተ መዘክር ውስጥ ሥራዋ የደረቁ ተክሎችን ወፍራም ወረቀት ላይ በመርፌ ሰፍቶ በየዘመዳቸው አቃፊ ውስጥ ማስገባት ነው። የበሩ ጥበቃ ጠዋት ጠዋት "የሙታን ልብስ ሰፊ መጣች" ይላታል፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ፊደል ትቆጥራለች እንጂ ረጅም ጽሑፍ ይከብዳታል። ይህን ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም።

አንድ ጠዋት የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር አንድ የተጨናነቀ አቃፊ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

"እትዬ፣ ክሩ የላላውን ያጥብቁልኝ። ወንዙን የወረረችው አረም ናት። ዛሬ ከድልድዩ በላይም በታችም ማጥፊያ መድኃኒት እየረጩባት ነው።"

ከሥር ያለውን አሮጌ ወረቀት አነሳች። መርፌው አልገባ አላት። የወራሪዋ ግንድ ውስጡ ባዶ ነው፣ መርፌ ሰተት ብሎ ያልፍበታል። ይሄ ድፍን ነው። ቅጠሉ ያው፣ አበባው ያው፤ ግንዱ ግን ሌላ።

ስፌቱን አየችው። የራሷ እጅ ነው። ከስሙ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ አንብባ ከታ ነበር፤ ያቺ ቃል ደግሞ የሁለቱም የወገን ስም ናት፣ የሚለያቸው ሁለተኛው ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ከድልድዩ በታች የተለቀመውን ሁሉ ተመራማሪዎቹ ከዚህ ወረቀት ጋር እያስተያዩ ወራሪ ነው ሲሉ ኖረዋል።

ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? እስከ ምሳ ሰዓት ወረቀቱን ታቅፋ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሳች።

"ዶክተር፣ ይሄ ዘመዷ ነው እንጂ እሷ አይደለም። መርፌ እምቢ አለኝ።"

"መርፌዎ ደግሞ ተክል መመደብ ጀመረች?" አለ እየሳቀ።

"ቆርጠው ይዩት።"

በምላጭ ቆርጦ በማጉያ መነጽር አየው። ሳቁ ጠፋ።

"እዚህ ማን ከተተው?"

"እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ቃል አላነበብኩትም። ማንበብ... ብዙም አይሆንልኝ።"

ስልኩን አንስቶ መድኃኒት ረጪዎቹ ጋ ደወለ። ከወዲያ የሚመልሰው ሰውዬ ድምፅ ለእሷም ይሰማታል። "ከድልድዩ በታች ያለውን አሁን፣ ከምሳ በፊት ጨረስነው። ወንዙ መታጠፊያ ጋ ትንሽ ቀርታለች።"

"ወራሪዋ አይደለችም፣ እሷን እንዳትነኩ" አለ ዶክተሩ።

እሷ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ጠዋቱን ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር?

በሳምንቱ ከመታጠፊያው የተቆረጠ አንድ ቅርንጫፍ ደርቆ መጣላት። ዶክተሩ ስሙን ጽፎ አጠገቧ ተቀመጠና ሁለቱንም ቃል ቀስ ብሎ አነበበላት። እሷም በጣቷ እየተከተለች ደገመችው፣ ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ። ከዚያ መርፌዋን ግንዱ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው አዙራ ሰፋችውና አዲስ አቃፊ ውስጥ ለብቻው አስተኛችው።