አፍንጫ የማይቆነጥጥ ንጽሕና

በማርጊላን ከተማ ዳር፣ የመስኖ ቦይ በሚያልፍበት ሰፈር፣ ሆሲያት የምትባል ሴት ነበረች። የሰፈሩ ልጆች «እትዬ በረኪና» ይሏታል። እሷም ሰምታ አትቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። የእንግዳ ዓይን እንባ ካላቀረረ ቤቷ ጸድቷል ብላ አታምንም። ባሏ ኒሾን ከሻይ ቤት ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ያስነጥስና፣ «እኔ እኮ ቤቴን የማገኘው በአፍንጫዬ ነው፤ ዓይኔ ቢጠፋም ሰው ቤት አልገባም» ይላል።

የበረኪና ፍቅሯ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ልጇ ዙልሁሞር ያለጊዜዋ ስትወለድ መዳፍ አትሞላም ነበር። እናትና ልጅ በማዋለጃ ቤት ከረሙ። ያ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። ሕፃኗ ዳነች፤ አደገች፤ ተድራ ኮካንድ ከተማ ገባች። በሆሲያት ልብ ግን ሕይወትና ያ ሽታ አንድ ላይ ተሰፍተው ቀሩ።

በዚያ አገር ጸደይ ሲገባ ቤት የሰው መሆኑ ይቀራል። ከሐር መሥሪያ ቤት ጉንዳን የሚያካክሉ ትሎች ይመጣሉ። ሰፊው ክፍል ይለቀቅላቸዋል፤ ባለቤቶቹ በረንዳ ላይ ያድራሉ። የእንጆሪ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ ይቀርብላቸዋል፤ ሲበሉ ድምፃቸው ካፊያ ይመስላል። ከወፈሩ በኋላ ሐራቸውን ፈትለው፣ በነጭ እንክብል ውስጥ ራሳቸውን ይዘጋሉ። የሰፈሩ ሰው ልፋት ሁሉ ለዚያ እንክብል ነው።

አንድ ዓመት ሆሲያት ክፍሉን እንደ ልማዷ አሰናዳች። ያለፈው ዓመት ትሎች ኩስ በመደርደሪያው ስንጥቅ ውስጥ እንደ ደረቀ ነበር። «በረኪናው ይጨርሰዋል» ብላ ባልዲውን ከላዩ ገለበጠችበት። ውኃ ተኝቶ ማየት ያሳክካታልና ሳያርፍ በመወልወያ አደረቀችው፤ ወለሉን በጠረገችበት ጨርቅም መደርደሪያውን አዳረሰች። ከዚያ ሽታው እንዳይወጣባት መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። በማግስቱ ትሎቹን አስገባች።

ትሎቹ ቅጠሉን ገፉት። ራሳቸውን ቀና አድርገው አየር የሚለምኑ መሰሉ። የተረፉትም ትንሽ አደግ ሲሉ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው እንደ ጠመኔ ደረቁ። ሆሲያት በሽርጧ ሰብስባ ከጓሮ ቀበረቻቸውና ተቀምጣ አለቀሰች።

«ለትልም ይለቀሳል?» አለ ኒሾን፣ አካፋውን ከእጇ እየወሰደ።

«በእጄ ያበላሁት አይደለም እንዴ!»

ከግንቡ ማዶ ሻሮፋት ትኖራለች። ቤቷ ምንም አይሸትም፤ ለዚህም ሆሲያት «ዝርክርክ» እያለች ታማታለች። በዚያ ዓመት የሻሮፋት መደርደሪያ በእንክብል ብዛት በረዶ የጣለበት ይመስል ነበር። ሴትዮዋ ደግሞ አፏ አያርፍም። በግንቡ ላይ ብቅ ብላ፣

«ሆሲያት፣ ኧረ ምን አቅምሰሻቸው ነው? በዚህ ማዶ የእኔዎቹም አስነጠሱ እኮ!» አለች።

«ያንቺዎቹማ ቆሻሻ ለምደዋል!»

ከዚያ ወዲያ ክረምቱን በሙሉ ተኮራረፉ። ኦሽ የሚሉት የሩዝ ምግብ በተሠራ ቁጥር ሳህን በግንቡ ላይ መመላለሱ ግን አልቀረም፤ ሳህኑ ይሄዳል፣ ሰላምታው ይቀራል።

በሚቀጥለው ጸደይ ሆሲያት «አምና አንሶ ነው» አለች። በረኪናውን ሳትበርዝ ባልዲ ውስጥ ገለበጠችና፣ ይበልጥ ጉልበት እንዲኖረው ኮምጣጤ ጨመረችበት። ቢጫ ነገር ከባልዲው ሽቅብ ሲነሣ ጉሮሮዋን አንቆ ያዛት። መስኮቱ ዝግ ነው፤ እያሳላት ወደ በሩ ስትሄድ ደፉ ላይ ወደቀች።

ሻሮፋት መሰላል ላይ ሆና የእንጆሪ ቅርንጫፍ ትቆርጥ ነበር። ሳሉን ሰማች። መጥረቢያውን ጥላ በግንቡ ዘለለችና፣ በሻሿ አፏን ይዛ፣ ጎረቤቷን በቀሚሷ ጎትታ ግቢ አወጣቻት። ሐኪሙ ክሊኒክ አስተኝቶ ሲያያት ዋለና፣ «እናቴ፣ በረኪናና ኮምጣጤ ሲገናኙ የሚወጣው መርዝ ነው። ከእንግዲህ አንዱን ከሌላው እንዳታገናኚ» ብሎ ሸኛት።

ሲመሽ ሁለቱ ሴቶች ከግቢው ዛፍ ሥር፣ ለመቀመጫ በተሠራው የእንጨት አልጋ ላይ ተቀመጡ። ሆሲያት በሻከረ ድምፅ፣

«አንቺ ምንድን ነው የምታደርጊው? ድግምትም ከሆነ ንገሪኝ፤ ለማንም አልናገር» አለች።

«ስንፍና ነው ድግምቴ! እኔ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ሞቴ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ሁሉ አውጥቼ ስንጥቁን በቢላ እፍቃለሁ፤ በሳሙና አጥባለሁ። ቆሻሻ ላይ መድኃኒት ብታፈሺ ቆሻሻው ነው የሚጠጣው። ከዚያ በረኪናውን በልኩ በርዤ እቀባና፣ ደክሞኛል፣ ሻይ እጠጣለሁ።»

«ሳትወለውይው?»

«ማን ይወለውላል! እንደ ረጠበ ሥራውን ይሥራ። በኋላ በንጹሕ ውኃ አለቀልቀውና መስኮቱን ከፍቼ እህቴ ቤት እሄዳለሁ። ስመለስ ሽታው የለም።»

«ሽታው ከሌለ መጽዳቱን በምን ታውቂያለሽ?»

«በእጄ ስፍቀው አይቼ የለ!»

ሆሲያት የማዋለጃ ቤቱ ጧት ትዝ አላት። በረኪናው ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ሴቶች ተንበርክከው ወለሉን በብሩሽ ይፈገፍጉ ነበር፤ መስኮቱም በብርድ ሳይቀር ይከፈት ነበር። ያንን ሁሉ ዘመን ረስታው ሽታውን ብቻ ይዛ ኖራለች።

«ዙልሁሞርን ያተረፈልኝ ሽታው ይመስለኝ ነበር» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ሻሮፋት ለመቀለድ አፏን ከፍታ ነበር፤ ትታ እጇን ያዘቻት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ክፍሉን አብረው አሰናዱ። ኒሾን ስንጥቁን እየፋቀ «በዚህ ዕድሜዬ ቢላ ጨብጬ ከኩስ ጋር ልዋጋ?» እያለ አጉረመረመ። በረኪናው ተቀብቶ መቆየት ሲጀምር ሆሲያት ደጃፉ ላይ ተቁነጠነጠች። እጇ ወደ መወልወያው ይሄዳል።

«ተቀመጪ!» አለች ሻሮፋት። «አንሺ እጅሽን!»

«እዚያ ጥግ ላይ ብቻ፣ ትንሽ ኩሬ ነገር…»

«ኒሾን፣ ሚስትህን እሰርልኝ!»

ትሎቹ ገቡ፤ በሉ። የካፊያው ድምፅ በቤቱ ሞላ። ሁሉም አልተረፉም፤ ትል ነውና ብርድም ይገድለዋል። የተረፉት ግን እንክብላቸውን ሠሩ። ዙልሁሞርም ለመልቀም ከኮካንድ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አየሩን ስባ፣

«እማዬ፣ ታመሽ ነበር እንዴ? ቤቱ ምንም አይሸትም!» አለች።

«ሽንት ቤት ግቢና አሽቺ» አለች እናቷ፤ «ለዚያ ትንሽ አስቀርቻለሁ።»

የለቀማው ቀን ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው፣ እንክብሉን ከቅርንጫፉ እየነጠሉ ሲዘፍኑ ዋሉ። ከቀትር በኋላ ሻሮፋት እጇ ሥራ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጆቹ ሊቀሰቅሷት ሲሉ ሆሲያት ዓይኗን አፈጠጠችባቸው። ሻሿን ፈትታ በሴትዮዋ ፊት ላይ ጥላ አደረገችላት፤ የእሷን ቅርንጫፎችም ወደ ራሷ ስባ መልቀሟን ቀጠለች።