ምስል፣ ገጽ ሁለት

በጎተንበርግ የጠዋት ትራም ላይ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጀርባ የሚቀመጥ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አለ። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ጫማው ከእኔ ጫማ ይበልጥ ያብረቀርቃል። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የመጡለትን ደብዳቤዎች ያስነብበዋል።

አንድ ቀን ስልኩ "ምስል፣ ገጽ አንድ፤ ምስል፣ ገጽ ሁለት" ብቻ እያለ አስቸገረው። ከሆስፒታል የተላከለት ደብዳቤ ፎቶ ተነስቶ የመጣ ነበር፤ ስልኩ ደግሞ ፎቶ ማንበብ አይችልም። ወደ እኔ ዞረ።

"ወንድሜ፣ የዚህ ሰፈር ሰው ነህ?"

ሊሰማ የሚፈልገው መልስ ገባኝና ዋሸሁት።

"አይደለሁም አባባ፣ የዛሬ መንገደኛ ነኝ።"

"እሰይ! እንግዲያው አንብብልኝ። ልጄ ካነበበችው ስታለቅስ የማባብላት እኔው ነኝ።"

ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

"ግድ የለም፣ ቀጥል" አለኝ። "ነገ አታውቀኝ፣ አላውቅህ።"

ጨረስኩለት። የካፖርቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈትቶ መልሶ ቆለፈው። "ጥሩ ድምፅ አለህ" አለኝና ወረደ።

አሁንም በየማለዳው ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ስልኬ ቢጮህም አላነሳም፤ ድምፄን ያውቀዋል።