ለጠበቃ ደህና ነኝ አይባልም

አምቦ ገበያ መግቢያ ላይ ባጃጅ ገጭቶኝ ጉልበቴ ከተጎዳ በኋላ፣ ካሳ ለመጠየቅ ጠበቃ ላነጋግር ቀጠሮ ያዝኩ። የባጃጁ ባለቤት "ምንም አልሆነም፤ ሲራመድ አይቼዋለሁ" እያለ ያወራ ስለነበር፣ ጠበቃውም ሕመሜን ካላመነ ነገሩ እዚያው ማብቃቱ ነው።

በዋዜማው ባለቤቴ ጠበቃ ሆና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ ሰው መጠየቅ ታውቅበታለች።

"እንዴት ነዎት?"

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ተረታህ። እንደገና።"

እንደገናም ደህና ነበርኩ። በኦሮምኛ ሞከረችኝ፤ "አካም ጅርቱ?"

"ፈያ፣ ገለታ ዋቃ።"

"በሁለት ቋንቋ የሚዋሽ ባል ሰጠኝ" አለች።

ነገሩ ለእኔ ውርደት ነበር። አገሩ ሁሉ እያቃሰተ ደህና ነኝ ይላል ብዬ ስሳለቅ የኖርኩ ሰው፣ አንዲት ጉልበቴን እንኳ አመመችኝ ማለት አቃተኝ። ምሳ እስኪደርስ ተለማመድን።

በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር ስንገባ ጠበቃው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ "እንዴት ነዎት ጋሼ?" አለኝ።

"ጉልበቴ አያስተኛኝም፤ ቁልቁለት ስወርድ ይከዳኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ማስቀደስ ትቻለሁ" አልኩት ባንድ ትንፋሽ።

ጠበቃው ደንግጦ እስክሪብቶውን አነሣ። ከዚያ ሣቅ ብሎ፣ "ጉዳዩን ይዤዋለሁ። ሌላው ሰው ሕመሙን የሚነግረኝ ተሰናብቶ በሩ ጋ ሲደርስ ነው" አለ።

ባለቤቴ ኩራቷን መደበቅ አልቻለችም። "ትናንት ሳስጠናው ነው የዋልኩት" አለችው።

ጠበቃው እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "እትዬ፣" አለ፣ "ፍርድ ቤት ሲመጡ ግን ይህቺን እንዳይነግሩብኝ።"