ፍሪጄ ተበላሽቶ ነው

ቸኮሌትን ከራስ መደበቅ አይቻልም። ሞክሬዋለሁ። የልብስ ሳሙና ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ ካርቶኑን አልጋ ሥር ገፍቼ፣ ረሳሁት ብዬ ዜና ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ዜናው ሳያልቅ ተንበርክኬ አልጋው ሥር እጄን ስሰድ ራሴን አገኘሁት። ክብደት ቀንሺ ያለኝ ሐኪም ደግሞ እንዲህ ያለኝ ስለዚያው ስለተንበረከክሁበት ጉልበት ብሎ ነበር።

ድሮ የምትደብቅልኝ ልጄ ነበረች። ታቦር ሠፈር፣ ከአንድ ነጋዴ ቤተሰብ ግቢ ጓሮ ባለው ቤት፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ መሃል ከተማ ካለ ሱፐርማርኬት አንድ ትልቅ ቸኮሌት ገዝቼ እገባለሁ፤ እሷ ከእጄ ትቀማኝና "ዞር በዪ" ትለኛለች። ዞር እላለሁ። የት እንደምታኖረው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ከእራት በኋላ አንዲት ቁራሽ ሰብራ ታመጣልኛለች። ጨምሪልኝ ብዬ ስለምናት "ነገ" ትላለች፣ እሷ እናት እኔ ልጅ ሆኜ። እንዲህ እያልን ትንሽ ቀንሼም ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ጅማ ደረሳት። ሻንጣዋን ይዤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፣ አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆሜ አለቀስኩ። ቤት ስመለስ መጀመሪያ ያሰብኩት ግን፣ አሁን ማን ይደብቅልኛል የሚለውን ነው። ለልጄ ብነግራት ትስቅ ነበር፤ ለእኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ለሰው ልነግረው የምችለው ነገርም አይደለም። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ጥሬ ሥጋ አማረኝ ብትል ማንም አይደንቀውም፤ ቸኮሌት አማረኝ ብትል ግን ትንሽ ነካ አድርጓታል ይባላል። ውፍረት እየቀነስኩ ነው ማለት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። መሥሪያ ቤት ምሳ ላይ አንዴ አምልጦኝ ተናግሬ፣ "ወፍረሻል" እያሉ ሰላም የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ በየተራ "በሞቴ" እያሉ ሲያጎርሱኝ ዋሉ። ጉርሻ አልጠላም። ግን የሚያጎርሰኝ ሰው ሁሉ ሥራ ሲያልቅ ወደየቤቱ ይሄዳል።

ጠዋት ጠዋት በከተማችን ሐይቅ ዳር በእግሬ እሄዳለሁ። እዚያ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። ማንም ሳይደውልልኝ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ የምሄድበት ጊዜ ነበር፤ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ከምመስል ሥራ የበዛባት ሴት ብመስል ይሻለኛል ብዬ። አምሮቱ የሚነሣብኝ ግን ጠዋት አይደለም፣ ሲርበኝም አይደለም። አመሻሽ ላይ፣ ባጃጁ በር ላይ ጥሎኝ ሲሄድና ቁልፌን ከቦርሳዬ ስፈልግ ነው የሚመጣው። ያን ሰዓት ቸኮሌት ቤት ውስጥ ካለ አለቀለት።

አንድ ቀን አመሻሽ፣ አዲስ ቸኮሌት ይዤ ስገባ የግቢው እናት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ጉራጌ ናቸው፤ የጨርቃ ጨርቅ ሱቁን ለልጆቻቸው ለቀው፣ እሳቸው አሁን ግቢውን ያስተዳድራሉ፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ ድመትም አትገባም። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

"እማማ፣ ፍሪጄ ተበላሽቶ ነው። ይችን እርስዎ ጋ ላስቀምጥ? በዚህ ሙቀት ትቀልጥብኛለች።"

"ምንድን ነች?"

"ቸኮሌት ነች። ሐኪም ጣፋጭ ቀንሺ ስላለኝ፣ ማታ ማታ አንዳንድ ቁራሽ እየመጣሁ ብወስድ ብዬ ነው።"

"እንደ ኪኒን" አሉና ተቀበሉኝ።

ፍሪጄ ምንም አልሆነም ነበር። አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል። ደብቁልኝ ማለት ስላፈርኩ ነው የዋሸሁት። ከዚያ በኋላ ግን በየማታው የእነ እማማን ትልቁን ቤት ማንኳኳት ጀመርኩ፤ ቸኮሌቷ ስታልቅ ሌላ ገዝቼ አስረክባቸዋለሁ። እማማ ቁራሿን በሻይ ማስቀመጫ ሰሃን አድርገው ያመጡልኛል፤ በእጅ ተቀብዬ ልሂድ ስል "ተቀምጠሽ ብዪ፣ ማን ያባርርሻል" ይሉኛል። እቀመጣለሁ። ስለ ልጄ ይጠይቁኛል፣ ምራታቸውን ያማሉ፣ ቴሌቪዥን ድራማው ላይ ያለችውን ተንኮለኛ ሴት ይሰድባሉ። ሁለተኛ ቁራሽ ብለምን ፊታቸውን ያጠቁራሉ።

"አደራ ነው" ይሉኛል።

"የራሴ አይደለም እንዴ እማማ?"

"የራስሽ ቢሆንስ? ከአንቺ ነው የምጠብቀው።"

ቀሚሴ እየሰፋኝ መጣ። መሥሪያ ቤት አንዷ "ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?" ስትለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ግን ከመክሳቱ ይልቅ የምናፍቀው ያን አመሻሽ ነበር። እቤቴ ቦርሳዬን ብቻ ጥዬ እሮጣለሁ፣ ቸኮሌቷ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ ሳላጣጥም የማወራበት ቀን ብዙ ነው።

መስቀል ሲደርስ ቤተሰቡ በሙሉ እንደየዓመቱ አገር ቤት ሊገባ ተነሣ። ያን ሰሞን የእነሱ አገር ሰው ሁሉ ስለሚሄድ ገበያው ጭር ይላል፣ የሱቁ መዝጊያ ሁሉ ወርዶ ይከርማል። ልጄም ትምህርታቸው ተዘበራርቆ መምጣት አልቻለችም። ሊሄዱ ባሉበት ቀን ረፋድ ላይ ማድ ቤት ቆሜ ሳለሁ እማማ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቸኮሌቷን በፌስታል አድርገው መጡ።

"ፍሪጁን ነቅለነው ልንሄድ ነው፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ እንዳያቃጥልብን። እንቺ፣ አደራሽን ተረከቢኝ።"

በር ላይ ልቀበላቸው ስንደረደር እሳቸው ገብተዋል። የእኔው ፍሪጅም ያን ሰዓት ጠብቆ ተነሣ። ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ላዩ ላይ የደረደርኳቸው ብርጭቆዎች መንጫጫት ጀመሩ። እማማ አዩት። ቀስ ብለው ሄደው ከፈቱት፣ መብራቱ በራ። ውስጡ ግማሽ ሎሚ፣ የውኃ ጠርሙስና ለአንድ ሰው የምትሆን የተረፈች ሽሮ ነበረች። እማማ ትንሽ ቆመው አይተው ቸኮሌቷን መሃል ላይ አስቀመጡና በሩን ዘጉት።

"በይ ደኅና ክረሚ ልጄ" ብለው ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መኪናቸው እንደወጣ ቸኮሌቷን ቆሜ በላኋት፣ ሙሉውን። አልጣፈጠኝም ብል ውሸት ነው፤ በጣም ጣፈጠኝ። ሲመሽ ግን እግሬ እንደለመደው ወደ ትልቁ ቤት ወሰደኝ። በረንዳው ላይ ወንበሮቹ ተደራርበዋል፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። እዚያ ጓጉንቸር ፊት ቆሜ፣ ብቸኛ ነኝ አልኩ። ብቻዬን እኖራለሁ ስል ዓመት አልፎኛል፤ ብቸኛ ነኝ ያልኩት ግን ያን ዕለት ነው። ልጄ ደውላ "ቸኮሌቱን አሁን ማን ይደብቅልሻል?" ስትለኝ "እማማ" አልኳት። "ተመስገን" አለች። እንዳላለቅስ እየታገልኩ ቶሎ ዘጋሁት።

ሲመለሱ የመኪናውን ጥሩንባ ሰማሁ፣ የልጆቹን ጩኸት ሰማሁ፣ መጋረጃዬን ጋረድኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንኳን መጣችሁ ለማለት አልቻልኩም። እማማ ይቆጡኛል ብዬ አልነበረም የፈራሁት። ውሸታም ይበሉኝ፣ ይገባኛል። የፈራሁት፣ የሚሠራ ፍሪጅ ያላት ሴት ማታ ማታ የሰው በር የምታንኳኳበት ምክንያት ስለሌላት ነው። ያ በር ከተዘጋብኝ አመሻሽ ላይ የምሄድበት ቦታ የለኝም። ስለዚህ ጠዋት ሳይነሡ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ፣ ማታ ድምፄን አጥፍቼ እገባለሁ።

አንድ አመሻሽ በሬ ተንኳኳ። እማማ ነበሩ፤ በትንሽ ዕቃ የአገር ቤት ቅቤ ይዘውልኛል፣ ያውም ክብደት ለምትቀንስ ሴት።

"ምነው ጠፋሽብኝ?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው እማማ። እንኳን በሰላም መጡ።"

"ቸኮሌቷስ?"

"በላኋት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ከኋላዬ ፍሪጁ ተነሣ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሁለታችንም ሰማነው። እማማ ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አላነሡም።

"ፍሪጅሽ ገና አልተሠራልሽም?" አሉኝ።

እንባዬ መጣ። "አልተሠራም" አልኳቸው።

ቅቤውን እጄ ላይ አስቀምጠው ከዘራቸውን አስተካከሉና ፊታቸውን ወደ ትልቁ ቤት አዞሩ።

"አትቸኩዪ" አሉ። "እኛ ጋ ቦታ አለ።"