እኩል ይክፈሉ ያልኩ ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእረፍት አዲስ አበባ በገባሁ ቁጥር ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሐሜቴንም፣ ዝሙቴንም ዘርዝሬያለሁ፤ ይችን ግን ሁሌም እዘላታለሁ። ሪያድ ውስጥ ቄስ የለምና ዛሬ የምትሰማኝ አንተ ነህ፣ አንባቢ። እንድታዝንልኝ ግን አልፈልግም።

በ2006 ዓ.ም. ሱለይ በሚባል የሪያድ ሰፈር ባለ አንድ የመጋዘን ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ወደዚህ የመጣሁት "ግብር የማይቆረጥበት አገር" እያልኩ እየፎከርኩ ነው። አገር ቤት ደመወዜ ከፍ ባለ ቁጥር የሚቆረጠው መቶኛም አብሮ ከፍ ሲል ያንገበግበኝ ነበር። ታዲያ እዚህም መንግሥት ድርጅቶች በቀጠሩት የውጭ አገር ሰው ቁጥር ልክ በየዓመቱ እንዲከፍሉ አዘዘ። የእኛ ባለቤት ደግሞ ክፍያውን ወደ ሠራተኞቹ አወረደው። ያልከፈለ ሰው ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ አይታደስለትም።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። "በደመወዝ ደረጃ ከፋፍለው፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ ይክፈል፣ ለጽዳቱና ለጫኝ አውራጁ ይቅለለው" ብሎ ሰንጠረዡን እንድሠራ አዘዘኝ። ሠራሁት። አራት እርከን ነበረው። ከላይኛው እርከን ላይ የራሴን ስም አየሁት። አየሁትና እርከኑን ሁሉ አጠፋሁት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። "ሁሉም እኩል ይክፈል፣ ሰው ከሰው አይበላለጥም" አልኩት ሥራ አስኪያጁን፤ እሱም ተቀበለኝ። እኩልነት! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ክፍያው ለእኔ የዘጠኝ ቀን ደመወዝ ነበር፤ ለጋሽ ተካ ከሁለት ወር በላይ።

ጋሽ ተካ የቢሯችን ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ሪያድ እንደገባሁ ማደሪያ ባጣሁ ጊዜ መንሱራ ሰፈር ባለችው ክፍላቸው ፍራሻቸውን ለእኔ ለቀው ሦስት ሳምንት ወለል ላይ የተኙ ሰው ናቸው። ልጃቸው አገር ቤት የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷት ነበር። የክፍያው ማስታወቂያ የተለጠፈ ቀን ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ሁለት እጄን ይዘው "ኸላስ፣ በቃ ልጄ፣ ዛሬ ከድርጅቱ መሐንዲስ እኩል ተቆጠርኩ። እግዚአብሔር ያክብርህ!" አሉኝ። አፈርኩ ይሆን? አላፈርኩም። ደስ አለኝ። "አሜን" አልኩ።

ከወር በኋላ መጥተው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

"የልጅቷን የትምህርት ቤት ክፍያ ልኬ ባዶ እጄን ቀረሁ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብከፍልስ? ኢንሻአላህ አልቀርም።"

መፍቀድ በእጄ ነበር። ከኮምፒዩተሩ ቀና ሳልል "ለእርስዎ ካፈረስኩ ለሁሉም ላፈርስ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። ፍራሻቸው ትዝ አላለኝም? ብሎኛል። ቀና ያላልኩትም ለዚያ ነው።

ኢቃማቸው ሳይታደስ ጊዜው አለፈ። ያን ሰሞን ፖሊስ ፈቃድ የሌለውን ከየመንገዱ ይለቅም ነበር፤ እሳቸውንም ከሠራተኞች አውቶቡስ ላይ አወረዷቸው። በለበሱት የሥራ ቱታ አገራቸው ገቡ። ልጅቷም ትምህርቷን አቋረጠች። በእርከኑ ብንከፍል ኖሮ እኔ የምጨምረው ያ ብር ታዲያ ምን ላይ ዋለ? ጫማ ገዛሁበት? ምሳ በላሁበት? እውነቴን ነው የምልህ፣ አላስታውስም።

ሁለት ዓመት አልፎ ለፋሲካ ደወሉልኝ። ሊረግሙኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ጠይቀው ሲያበቁ "አንተማ እኩል አድርገኸን ነበር፤ ያነስኩት እኔ ነኝ። ለልጄም ይህንኑ ነግሬያታለሁ" አሉኝ።

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር ብልህ ውሸት ነው፤ አልደረሰም። "አይዞዎት ጋሼ፣ ያጋጥማል" አልኳቸው። እኔ፣ እሳቸውን፣ ይቅር እንደሚል ሰው!

አንተን ይቅርታ አልጠይቅህም፤ አንተን አልበደልኩም። የበደልኳቸው ሰው ስልክ ቁጥር እጄ ላይ አለ። እስከ ዛሬ አልደወልኩም።